ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ጫካ

እንጦጦን በቡድን የሚወጡ የአዲስ አበባ ተጓዦች የሚያዩት የትኛውን ደን ነው?

ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ ገና አልነቃችም። ጥበብና ኩታ የሚሰቀልባቸው ሱቆች እንደተዘጉ ናቸው፤ ሥራ የጀመሩት ቁርስ ቤቶቹ ብቻ ናቸው። በአስፋልቱ ጠርዝ ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች ተሰብስበዋል። አንዱ ስልኩን እያየ ስም ይጠራል፤ ሌላዋ የዘገዩትን እየደወለች ታጣድፋለች። "የት ደረሳችሁ?" "ስድስት ኪሎ ነን፣ መጣን መጣን!" የሚኒባስ ረዳቶች "እንጦጦ! ማርያም! ማርያም!" እያሉ ቢጠሯቸውም አስተባባሪው እጁን ያወዛውዛል። ዛሬ ሽቅቡን የሚወጡት በእግራቸው ነው።

የጉዞ ስንቃቸው ቀላል ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ አንድ አንድ ሃይላንድ ውኃ። አንዳንዱ እንደ ሯጭ ታጥቆ መጥቷል፤ አንዳንዷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማርያምን ተሳልማ ከዚያ ጫካ ልትገባ አስባለች። ከመንደሩ ወጥተው ዳገቱ ሲጠና ወሬው ይቀንሳል፣ ትንፋሹ ይበዛል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫን ይሞላል። ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የተሰደሩት ረጃጅም ግንዶች ብርሃኑን ቆራርጠው መንገዱ ላይ ይጥሉታል። አንዷ ተጓዥ ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች "እንዴት ያለ ጥንታዊ ጫካ ነው!" ትላለች።

የዕፅዋት ትምህርት ያጠናው አስጎብኚ ፈገግ ብሎ ይቆማል። "ጥንታዊው ይሄ አይደለም። ጥንታዊውን ላይ ስንደርስ አሳያችኋለሁ" ይላል።

የዚህ ዘገባ ጉዳይም ይኸው ነው። በአዲስ አበባ የቅዳሜና እሑድ የቡድን የእግር ጉዞ እየተለመደ መጥቷል፤ እንጦጦም ዋናው መዳረሻ ነው። ነገር ግን ከተጓዡ አብዛኛው የሚያደንቀው ደን ከ130 ዓመት ወዲህ በሰው እጅ የተተከለ ነው። እውነተኛው የእንጦጦ ጫካ፣ ማለትም ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና አስታው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየሸለቆውና በየገደሉ ተጠግቶ የተረፈ ቅሪት ነው። እሱን ለይቶ ማየት የሚችል ተጓዥ ሲበዛ ደኑ ጠባቂ ያገኛል።

በቡድን መሄድ አዲስ አይደለም

ወደ እንጦጦ በቡድን መውጣት የተጀመረው በቴሌግራም ግሩፕ አይደለም። የከተማው ምእመን ማርያምንና ራጉኤልን ለመሳለም፣ ጠበል ለመጠመቅ፣ ስለት ለማድረስ ይህን ዳገት ሲወጣ ኖሯል። በወር በ21 የማርያም ዕለት በማለዳ ወደ ላይ የሚጎርፈውን ነጭ ነጠላ ያየ ሰው የቡድን ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ቀጥሎ አትሌቶቹ መጡ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ ታላላቅ ሯጮች በማለዳ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲለማመዱ የኖሩት ለዚህ ነው። ለጀማሪው የእግር ተጓዥም ትምህርት አለው፦ ዳገቱ ላይ ልብ ከመጠን በላይ ሲመታ ድካሙ የስንፍና ምልክት አይደለም፣ ከፍታው ነው። ዝግ ብሎ መሄድ ነው መፍትሔው።

ተፈጥሮን ለማወቅ ብሎ በቡድን መጓዝም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለአባላቱ የመስክና የወፍ ምልከታ ጉዞዎች በማዘጋጀት ይታወቃል። ከእነዚህ ጉዞዎች የተገኘው ልምድ አንድ ነገር አስተምሯል፦ ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገድ ያያል፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር የሚሄድ ቡድን ዛፍ፣ ወፍና ድንጋይ ያያል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ለድል በዓሉ ዓድዋ የሚደርሰው "ጉዞ ዓድዋ" ደግሞ ለወጣቱ ሌላ መልእክት አስተላለፈ፤ በእግር መሄድ የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የኩራት ሥራ ሊሆን እንደሚችል አሳየ።

ዛሬ የቅዳሜና እሑድ ቡድኖች እንጦጦን፣ መናገሻን፣ የረርን፣ ዝቋላን፣ ወንጪን እየተፈራረቁ ይጓዛሉ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች አሉ፤ የሰፈር ጓደኛሞች አሉ፤ ከስልክ ውጪ ተያይተው የማያውቁ ሰዎችም አሉ። በቡድን የሚሄዱበት ምክንያት መተዋወቅ ብቻ አይደለም። እንጦጦ ሰፊ ነው፣ መንገዱ ይበታተናል፣ ጭጋግ በድንገት ይወርዳል፣ ሲመሽ ጅብ ይወጣል፤ ብቻውን የገባ ሰው ሊዘረፍም ይችላል። "ብቻዬን ነው የምወጣው" ለሚል ሰው የመንደሩ እናቶች መልስ አንድ ነው፦ "ተው ልጄ፣ ሰው ይዘህ ግባ!"

ዋና ከተማዋ የጨረሰችው ደን

የእንጦጦ ድንጋይ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከፈነዳ እሳተ ገሞራ የተረፈ ነው። በዚህ ድንጋይ ላይ የበቀለው ደን በሳይንሱ አጠራር የደረቅ ደጋ ሁልጊዜ ለምለም ደን ይባላል፤ ገበሬው በአጭሩ የጥድና የወይራ ጫካ ይለዋል። ከታች ወይራው ይበዛል፣ ከፍ ሲል ጥድ፣ ጫፍ ላይ ኮሶና አስታ። በመካከላቸው አዛምር፣ አጋም፣ ቀጋ፣ አምጃ።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ ያመጡት በ1870ዎቹ ነው። ቦታው ለጦር ምቹ ነበር፤ አራቱንም ማዕዘን ያሳያል፤ የጥንት ነገሥታት ከተማ የነበረበት ነው የሚል ታሪክም ይነገርለት ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡትና ዘውድ የደፉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗን የሚጎበኝ ሰው ከአጠገቡ ያለውን ሙዚየምና የድሮውን የምኒልክ ግቢ አብሮ ያያል።

ይሁን እንጂ እንጦጦ ለትልቅ ከተማ አልሆነም። ብርዱ ይበረታል፣ ነፋሱ አያሳርፍም፣ ውኃ ከታች በሰው ጀርባና በአህያ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን "አዲስ አበባ" ካሉት በኋላ መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ሰዉ ከተራራው ቢወርድም ማገዶውና ምሰሶው ግን የሚመጣው ከላይ ነበር። በዚያ ዘመን ቤት በእንጨት ይሠራል፣ አጥር በእንጨት ይታጠራል፣ ወጥ በእንጨት ይሠራል፣ ግብር የሚገባው የሺዎች እንጀራ በእንጨት ይጋገራል። ጥድ ደግሞ ቀርፋፋ ዛፍ ነው፤ ለምሰሶ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶው ከከተማው እየራቀ፣ ዋጋው እየናረ መጣ።

ችግሩ ምን ያህል እንደጠና ለማወቅ አዲስ ዓለምን ማየት ይበቃል። ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ ዋና ከተማ ለመቁረቆር አስበው እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማ ተነቅሎ ደን ወዳለበት ሊሄድ ማለት ነው። ሐሳቡ በመጨረሻ ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የአዲስ ዓለም ማርያም ናት። ዋና ከተማዋ ከመሰደድ የተረፈችው ከአውስትራሊያ በመጣ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ለምን አሸነፈ?

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ሞንዶን ቪዳሌ ከተባለው የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ ጋር ያያይዙታል። ቤተ መንግሥቱ ዘሩን በርካሽ አሰራጨ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር አሳረፈ። ገበሬውም መኳንንቱም ጥቅሙን ቶሎ ገባው፤ በጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች።

ያሸነፈበት ምክንያት በአንድ ጉቶ ላይ ይታያል። ከመንገዱ ዳር የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ጉቶው ከመሬት ጥቂት ስንዝር ከፍ ብሎ ተቆርጧል፤ የቁርጡ ጠርዝ ጠቁሯል። ከቅርፊቱ ሥር ግን ሰማያዊ አመድ የመሰሉ፣ ከግንዱ ጋር የተጣበቁ ክብ ቅጠሎች ያሏቸው አራት አምስት ቀንበጦች ወጥተዋል። ገበሬው ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይተዋል፣ ሌላውን ይቆርጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጣራና ለግድግዳ የሚሆን አጣና ይኖረዋል። ደግሞ ይቆርጣል፣ ደግሞ ይወጣል። እንደገና መትከል የለ፣ ማጠር የለ፤ ከብትም ቅጠሉን አይነካም። ጥድ ሲቆረጥ ግን አለቀ፤ ከጉቶው አያገግምም።

የከፋው ነገር ከሥሩ ነው። በባሕር ዛፍ ረድፍ ውስጥ መሬቱን ካያችሁ ቅጠልና ቅርፊት እንጂ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አታገኙም። ዛፉ ውኃውን ይሻማል፣ ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚለቀው ቅመም ሌላውን ቡቃያ ያዳክማል። ቅጠሉ ደግሞ ለእንጀራ ምጣድ ስለሚፈለግ ተጠርጎ ይሄዳል። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ራቁቱን የቀረውን ቁልቁለት የሚይዝ ሥር የለም፤ አፈሩ በቀጨኔና በቀበና ወንዞች ወደ ከተማው ይወርዳል። ይህ ቅሬታ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ምንጭ ያደርቃል ተብሎ አብዛኛው ባሕር ዛፍ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ሕዝቡ የለመደውን ማገዶ ማን ይነቅላል?

እንዲህም ሆኖ በባሕር ዛፍ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። እሱ ባይመጣ ኖሮ በየቤተ ክርስቲያኑ የተረፉት ጥዶች ሁሉ ማገዶ ሆነው ባለቁ ነበር። የከተማዋን ግድግዳ ያቆመ፣ የሕንፃዎቿን መወጣጫ የተሸከመ፣ የብዙ እናቶችን ጉልበትና ጉሮሮ ያቆየ ዛፍ ነው። ጥያቄው ሁሉንም መንቀል ወይም አለመንቀል አይደለም። የት ይቁም፣ የት ይልቀቅ ነው።

ጥድ ሥር

ቡድኑ ማርያም ደርሶ አረፍ ይላል። ከቅጥሩ አጠገብ አስጎብኚው አንድ ዛፍ ሥር ይቆማል። ግንዱ አልተስተካከለም፤ ተጠማዟል፣ ቅርፊቱ በረጃጅም ቀጭን ሽንሽን ይላጣል። ቅጠሉ ቅጠል አይመስልም፤ ጥቃቅን ቅርፊቶች በክር ላይ የተደረደሩ ይመስላል። በጣቱ አሽቶ ተጓዦቹን ያስሸትታቸዋል። የባሕር ዛፉ ሽታ የሳል መድኃኒት ይመስላል፤ ይሄ ግን እንደ አሮጌ ሣጥን ለስላሳ ነው። የሐበሻ ጥድ ይኸው ነው። የብዙ አብያተ ክርስቲያናት በርና ምሰሶ የሚሠራበት፣ ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው።

ከዚያ መሬቱን ያሳያቸዋል። እዚህ ሣር አለ፣ ትናንሽ አበቦች አሉ፣ የአጋም ቁጥቋጦ አለ፣ አፈሩ በእግር ሲረገጥ ለስለስ ይላል። ጥድ ሴትና ወንድ አለው፤ ሴቷ ትንንሽ ሰማያዊ ፍሬ ታፈራለች። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ስለዚህ ወፍ ከሌለ ጥድ አይስፋፋም፤ ጥድ ከሌለም ብዙ የደጋ ወፎች አይቆዩም። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ኮሶም ሌላ ትምህርት ነው፦ ትልልቅ እንደ ላባ የተከፈሉ ቅጠሎች፣ የሚላጥ ቀላ ያለ ቅርፊት፣ በወቅቱ ወደ ታች የሚንጠለጠል ቀይ አበባ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር የኮሶ ትልን ያወጣበት የነበረው መድኃኒት ይህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለምን የዛፍ መሸሸጊያ ሆነ? መልሱ በከፊል እምነት ነው፦ የደብር ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፣ ደን ለቤተ ክርስቲያን ልብሷ ነው ይባላል። በከፊል ደግሞ ቅጥሩ ራሱ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ባለቀበት አገር እነዚህ ትንንሽ ደኖች የዘር ጎተራ ሆነው ተገኙ። ምርምሩ ያሳየው ሌላ ነገር ከብት የማይገባበት ደን ውስጥ ቡቃያ እንደሚተርፍ፣ በሚገባበት ግን አሮጌ ዛፎች ብቻ እንደሚቀሩ ነው።

ተጓዥን የሚመለከት ማስጠንቀቂያም አለ። በዚያው አካባቢ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የሚበዛ የእግር መንገድ፣ ግንባታና ምንጣሮ የደኑን ይዘት እንደሚያሳሳ አሳይተዋል። ሰው የረገጠው አፈር ይጠጥራል፤ በጠጠረ አፈር ላይ ዘር አይበቅልም። አንድ ሰው ሲያቋርጥ ምንም አይደለም። ሠላሳ ሰው በየሳምንቱ ሲያቋርጥ አዲስ መንገድ ይሆናል፤ አዲሱ መንገድ ደግሞ ሲዘንብ ቦይ ይሆናል።

ተራራውን በየቀኑ የሚሄዱት

ከቡድኑ ጋር መንገድ የሚተላለፉት ሰዎች አሉ። ከላይ ወደ ታች፣ ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨት ወይም የቅጠል ሸክም በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ታስሯል። ሲደክማቸው ሸክሙን ከመንገዱ ዳር ካለ ቁልል አፈር ላይ ያስደግፋሉ፤ አይፈቱትም፣ ፈትቶ እንደገና ማንሳት ከመሸከሙ ይከብዳልና። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወጣቶቹ መንገድ ለቀው ሲቆሙ እናት ቀና ሳትል "ተባረኩ ልጆቼ" ብላ ታልፋለች።

እነዚህ ሴቶች የእንጦጦ ቋሚ ተጓዦች ናቸው። ከተማው ኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛ በኋላም እንጨቱ ሥራ አላጣም፤ መብራት ይቋረጣል፣ የኑሮ ውድነት ይበረታል፣ ምጣድ የማይገዛ ቤተሰብም ብዙ ነው። ጥበቃ ሲያያቸው እንጨቱን የሚነጠቁበት፣ መንገድ ላይ የሚደፈሩበት፣ የሚደበደቡበት ዘመን አልፏል ማለት አይቻልም። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ሸክሙን ትተው በቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ሥር ሽመና ተምረዋል። ሽሮ ሜዳ አቅራቢያ የሚሸምኑት ፎጣና ሻርፕ ለአገር ጎብኚ ይሸጣል።

ስለዚህ "ደኑን እንጠብቅ" የሚለው መፈክር በእነሱ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ጥንታዊውን የጥድ ደን የጨረሰው ማገዶ ለቃሚ እናት አይደለችም፤ በእንጨት ላይ የተገነባ ከተማ ነው። ለጫካው ከልቡ የሚያስብ ተጓዥ ስለ ኤሌክትሪክ ዋጋና ስለ እናቶቹ ሌላ እንጀራ ማሰብም ይኖርበታል።

ደኑን የመመለስ ሙከራ

እንጦጦን ወደ ቀድሞ ደኑ የመመለስ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በተራራው ላይ የተፈጥሮ ፓርክ ለማቋቋም ተንቀሳቅሶ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ሞክሯል። ቀጥሎ በተራራው ምዕራባዊ ጎን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተቋቋመ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የመሠረቱት ተቋም ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የኢትዮጵያን ዕፅዋት በመመዝገብ ዓለም ያወቃቸው ሊቅ ናቸው። እሳቸውም ዋና ድርሻ የነበራቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀቀ። መዝገቡ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ በሌላ አገር አይገኝም።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የከተማውን ሕዝብ ወደ ተራራው በብዛት አመጣ። ከ1,300 ሄክታር በላይ ነው የሚባለው ይህ ፓርክ መንገድ፣ ብስክሌት፣ ምግብ ቤትና መናፈሻ አለው፤ ከቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች መካከል ሥራ ያገኙበት እንዳሉም መንግሥት ገልጿል። ፓርኩ ሕዝቡን ለተራራው ማስተዋወቁ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና መናፈሻና ደን አንድ አይደሉም። መናፈሻ በሁለት ዓመት ያምራል፤ የጥድ ደን ለመመለስ ሁለትና ሦስት ትውልድ ይፈልጋል። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢነሳ ቁልቁለቱ ይራቆታል። ተረጋግቶ፣ ከሥሩ ጥዱና ወይራው እያደጉ ሲሄዱ በየተራ ማሳሳት ነው የሚያዋጣው።

ይህ ሁሉ ለምን ከተማውን ይመለከታል? ምክንያቱም እንጦጦ የሁለት ወንዞች መለያያ ነው። ከሰንሰለቱ በስተሰሜን የወረደ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተደቡብ የወረደው በቀበናና በቀጨኔ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። ተራራው ራቁቱን ሲሆን በበጋ ምንጭ ይደርቃል፣ በክረምት ጎርፍ ይመጣል፤ የሁለቱም ተጎጂ ከታች ያለው ሰፈር ነው።

እውነተኛውን ጥንታዊ ጫካ ማየት ለሚፈልግ

እንጦጦ ላይ የጥንቱን ደን ቅሪት ያየ ሰው ሙሉውን ማየት ከፈለገ ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው ይህ ደን ከአገሪቱ እጅግ ጥንታዊ የጥበቃ ቦታዎች አንዱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። ታሪኩ በትክክል እንዴት ይሁን እንዴት፣ አንድ ነገር ያስረዳል፦ በዚህ አገር ንጉሥ ደን የሚያስተክልበት ዘመን ነበር። በሱባ ግዙፍ ጥዶች፣ ዝግባዎችና ኮሶዎች ሥር ሲሄዱ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ዕድል ከገጠመ የምኒልክ ድኩላ ይታያል። እንጦጦም እንዲህ ነበር ማለት ይቻላል። መሆን የሚችለውንም እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ጉዞ ለማዘጋጀት የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ምክር እነሆ። ቡድናችሁን አታብዙት፤ ከሃያ በላይ ሲሆን አስጎብኚውን ኋላ ያለው አይሰማውም፣ መንገዱም ይሰፋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ተራራው በአደይ አበባ ያምራል፣ አየሩ ይጠራል። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ያዳልጣል፣ ጭጋጉ ያሳስታል። በማለዳ ጀምሩ፤ ከምሽቱ በፊት ከጫካ ውጡ። ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በዛፎቹ ላይ ስማቸውን የጻፈበት መንገድ አለ፤ ከዚያ ጀምሩ። ከተሠራው መንገድ አትውጡ፤ ጥዶቹ ሥር ያለውን ቡቃያ አትርገጡ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቦታውን ሥርዓት ጠብቁ። ሃይላንዱን ይዛችሁ ውረዱ፤ ሸክም ያላት እናት ስትመጣ መንገድ ልቀቁላት። ፎቶዋን ሳትጠይቋት አታንሷት።

ከሁሉ በላይ ግን ከእንጦጦ የሚመለስ ተጓዥ አንድ ጥያቄ መመለስ መቻል አለበት፦ ዛሬ ያየኸው ጥድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ይህን መለየት የሚችል ሰው በበዛ ቁጥር ለአገር በቀል ደን የሚሟገት ሰው ይበዛል። የእንጦጦ ጥንታዊ ጫካ ጠፍቶ አላለቀም። ዘሩ አለ፣ መሬቱ አለ፣ ወፎቹም አሉ። የጎደለው ለይቶ የሚያየውና ጊዜ የሚሰጠው ሕዝብ ነው፤ ያ ሕዝብ ደግሞ በየቅዳሜው ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣው ነው።